ጭራ የተቀጠለበት የአባቴ ስም

አሜሪካ ውስጥ እኔን የሚጠራኝ ሰው ሁሉ የሚጠራው አባቴን ነው። ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ «ሚስ» ካለች በኋላ የአባቴን ስም ስታስከትል፣ ይህን ያህል ዓመት ኖሬም መጀመሪያ ዞር ብዬ ኋላዬን አያለሁ። ባንክም ያው ነው፣ ፋርማሲም ያው ነው። እዚህ አገር ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ሁሉ ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአንድ ሰው ነው፤ የእኔ ደግሞ ጢማም፣ ቁጡ፣ ኮፍያ የሚወዱ ሹፌር ነበሩ። «ሚስ» ተብለው ሲጠሩ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ለነበሩት የአሜሪካ የጦር አማካሪዎች ነበር የሚነዱት። አለቃቸው አንድ ረጅም ሻለቃ ነበር፤ በበዓል ቀን ቤታችን መጥቶ እያላበው ዶሮ ወጥ የበላ፣ ሲወጣም የራሱን ኮፍያ አውልቆ አባቴ ራስ ላይ ያደረገ ሰው። «አንድ ቀን አገሬ ትመጣለህ። ያን ቀን መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ» ብሏቸው ነበር። ሰውየው ለጨዋታ ያለው ይሆናል፤ አባቴ ግን እንደ ቀጠሮ ያዙት። ካሊፎርኒያ የሚባል አገር መንገዱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለሰፈሩ ሰው የሚያስረዱት ሄደው የማያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አዲሱ መንግሥት ፊቱን ወደ ሞስኮ አዞረና አሜሪካኖቹ በቀናት ውስጥ ውጡ ተባሉ። አባቴ ሻለቃውን ኤርፖርት አድርሰው፣ የመኪናውን ቁልፍ አስረክበው በእግራቸው ወደ ቤት መጡ። ኮፍያውን ቀበሌ እንዳያየው በላስቲክ ጠቅልለው ቁም ሳጥኑ ላይ ሸጎጡት። ከዚያ በኋላ የቀን ሥራ እየለቃቀሙ ነው ያሳደጉን።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ አልተመለሰም።

ያኔ የሆነው ነገር ልጅ ሆኜ አልገባኝም፤ ዛሬ ሳወራው ደግሞ ቀልድ ይመስላል። ሶማሊያን ያስታጠቋት ሩሲያኖች ነበሩ፣ እኛን አሜሪካኖች። ጦርነቱ መሀል ሁለቱ ወዳጅ ተቀያየሩ፤ ሰርግ ቤት ጭፈራ ላይ ጥንድ እንደሚቀያየር ሰው። ሩሲያኖቹ ወደ እኛ ዞሩ፣ አሜሪካኖቹ ወደዚያ። ወድደውን ወይ ጠልተውን አልነበረም። አንደኛው ዓለም ሁሉ የእሱን ሃይማኖት ይዞ እንዲያድር ይፈልጋል፣ ሁለተኛውም እንደዚያው፤ መሀል ላይ ቀይ ባሕር አለ፤ ቀይ ባሕርን አንዱ ከያዘው ሌላው እንቅልፍ የለውም። ወንድሜ የአሜሪካ ጠብመንጃ ይዞ ሄደ፤ የመታው የሩሲያ መድፍ ነው። ወራት ሳይቆይ ደግሞ እሱን የመቱትን ሰዎች የሩሲያ መድፍ መታቸው። እናቴ ይህንን ሁሉ ሊያስረዷት ሲሞክሩ አትሰማም ነበር። ልጇን ብቻ ነበር የምትፈልገው።

እንግዲህ ያንን መድፍ የሠራው አገር ነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔን በነፃ ያስተማረኝ። ማትሪክ በጥሩ ውጤት አለፍኩና ኦዴሳ ደረሰኝ። ያኔ ሁሉንም ራሺያ ነበር የምንለው፤ ዛሬ ከተማዋ የዩክሬን ናት። ሰው ምንም ይበል፣ ኦዴሳ ደግ ነበረችልኝ። የመጀመሪያው ክረምት በረዶ ሲከብደኝ አስተማሪያችን ከራሷ አንገት ሻርፕ ፈትታ እኔ አንገት ላይ የጠመጠመችልኝን አልረሳም፤ እስከ ዛሬ ስጸልይ አነሳታለሁ።

ያቺ አስተማሪ ናት የሩሲያኖቹን ወግ ያስተማረችን። ታላቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም፤ ስሙ ከአባቱ ስም ጋር ነው የሚጠራው። የአባቱ ስም መጨረሻ ላይ ለወንድ «ኦቪች»፣ ለሴት «ኦቭና» ይቀጠልበታል፤ የእገሌ ልጅ እንደማለት። በየተራ የአባቶቻችንን ስም እየጠየቀች ያንን ነገር ስትቀጥልበት እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። የጎጃሙ ኦቪች ሆነ፣ የሐረሯ ኦቭና ሆነች። እኔም ስሜ አምሮብኝ ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ግን አልሳቁም።

«ሥራዬን ወሰዱ፣ ልጄን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ስሜ ላይ ጭራ ይቀጥሉብኝ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወሬውን ቤት ውስጥ አላነሳሁትም። አባቴ አሜሪካን ሳያዩ አረፉ። ዲቪ የደረሰኝ እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው፤ ኮፍያው አብሮኝ መጣ።

የተማርኩት ሜትሮሎጂ ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሰማዩ ሥራ የፈታበት ከተማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያው ፀሐይ። ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠራሁ፣ በርባንክ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ፣ በመጨረሻ ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ያዝኩ፤ እዚህ ኬር ጊቨር ይሉታል። ሥራውን ወደድኩት። ሰው ጎርሶ ሲጠግብ ማየት ደመና ከመቁጠር ይሻላል።

ሩሲያኛዬን ግን ለማንም አልተናገርኩም። «ራሺያኛ የሚባል ነገር እንዳታነሺ፣ ስፓይ ይሉሻል» ብሎ የመከረኝ ጋሼ ነው። ጋሼ ፌርፋክስ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ያለው፣ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥቶ የቀረ ሰው ነው። ያኔ እዚህ የነበሩት ተማሪዎች ትክክለኛው መንገድ የሞስኮ ነው የፔኪንግ ነው በሚል ተከፋፍለው ነበር። ሁለቱንም ከተማ ካርታ ላይ እንጂ አላዩትም። ጋሼ ይኸውና እስከ ዛሬ ሁለት በር አልፎ ካለው ካፌ ከሚቀመጡት ሽማግሌ ጋር ሰላም አይባባልም። ሞስኮም ተለውጣ፣ ፔኪንግም ስሟን ቀይራ፣ እነሱ ግን እንደተኮራረፉ ናቸው። መንገዱን ሲሻገሩ ግን አንዱ አንዱን መኪና እንዳይገጨው በዓይኑ ሲጠብቀው አይቻለሁ።

ሥራ የሚያገናኘኝ ኤጀንሲ ባለፈው ዓመት ወደ ላይኛው ፌርፋክስ ላከኝ። መንገዱ አንድ ነው፤ እኛ ጋ ሽሮና ጥብስ ይሸታል፣ አውቶቡሱ ዊልሸርን አልፎ፣ ሜልሮዝንም አልፎ ሽቅብ ሲሄድ የሱቆቹ ጽሑፍ ሩሲያኛ ይሆናል፣ ወንበር ላይ ፀሐይ የሚሞቁት አሮጊቶችም ሩሲያኛ ያወራሉ። ስንት ዓመት በዚያ አውቶቡስ ሳልፍ ያንን ጽሑፍ በልቤ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነው የኖርኩት።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት ከእኔ ብዙ ታንሳለች፤ አባቷ ናቸው የታመሙት። በልጅነቷ ስለመጣች እንግሊዝኛዋ የአሜሪካን ነው፤ ሩሲያኛ ትሰማለች፣ መናገሩ ግን ይከብዳታል። ኮሪደሩ ላይ አቁማ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረችኝ። አባቷን ስትሮክ መቷቸዋል፤ እንግሊዝኛቸውን ወስዶ ሩሲያኛቸውን ትቶላቸዋል። ከእኔ በፊት የመጡት ሴቶች ሊግባቧቸው ስላልቻሉ አንድ በአንድ ሄደዋል። እሷ ሥራ በምትውልበት ሰዓት ከማንም እጅ አይበሉም፤ ከስተዋል።

«በዚህ ወር ካልተስተካከለ ነርሲንግ ሆም፣ የሽማግሌ መጦሪያ፣ መግባታቸው ነው። እዚያ ደግሞ ውሃ ቢጠይቁ እንኳ የሚገባው ሰው የለም» አለችና ዓይኗን ጠረገች።

«ሩሲያኛ እችላለሁ» አልኳት። አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

በኩራት ነው የገባሁት። ሽማግሌው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቤት ውስጥም የማያወልቁት ኮፍያ አለ፤ ደስ አለኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩና በማውቀው ትልቁ የአክብሮት ቃል ሰላም አልኳቸው። «ታቫሪሽ» ብዬ የቤተሰባቸውን ስም አስከተልኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ምሳ አቀረብኩ፤ አልነኩም። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ጮክ አልኩ። «ታቫሪሽ፣ እባክዎ ትንሽ ይቅመሱ»። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱም እንደዚሁ። እኔ ጨዋነት በጨመርኩ ቁጥር እሳቸው አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ሰው በሩን በሩን ያያሉ።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ጋሼ ሱቅ ገባሁ። በርበሬ እየመዘነ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

«ሶ፣ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያቸው?» አለኝ።

«ታቫሪሽ።»

«ዋት ኢዝ ዛት?»

«ጓድ ማለት ነው።»

ማንኪያውን በርበሬው ውስጥ ጣለው። «ጓድ?! ኦ ማይ ጋድ! አንቺ ሴትዮ፣ ካድሬ ሆነሽ እኮ ነው ሰውየው ላይ የገባሽባቸው! እኔ አሁን ቤቴ ተኝቼ አንዷ መጥታ ‹ጓድ፣ ይቅመሱ› ብትለኝ የምውጥ ይመስልሻል? ናይን ዋን ዋን ነው ኮል የማደርገው!»

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ደረቀ። እውነቱን ነው። እኛ አገር «ጓድ» የመጣው «አቶ»ንና «ወይዘሮ»ን አስነስቶ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ፣ የእስር ቤቱ ዘበኛ ጓድ፣ ወንድማችን መሞቱን ሊነግረን የመጣው ሰውዬ ጓድ። እኔ ግን ሩሲያኛውን ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ ላይ ስለለመድኩት፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለነበረ፣ ንጹሕ የአክብሮት ቃል መስሎኝ ቀርቷል። የእኛን ዘመን ያየ የእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ስህተት መሥራት አልነበረበትም።

በማግስቱ ልጃቸውን ጠየቅኋት። አባቷ የኦዴሳ ወደብ ላይ የክሬን መሐንዲስ ነበሩ። አይሁድ ናቸው፤ ከአገር ለመውጣት ሲያመለክቱ መሥሪያ ቤታቸው ስብሰባ ጠራ። አንድ በአንድ እየተነሱ፣ ምሳ አብሯቸው የሚበላው ጓደኛቸው ሳይቀር፣ «ታቫሪሽ» ብለው እየጀመሩ ከሃዲ ነህ አሏቸው። ከሥራ ወጡ። ለዓመታት መጋዘን ሲጠርጉ ቆዩ፤ ሞስኮና ዋሽንግተን ሲስማሙ መውጫው ይከፈታል፣ ሲኳረፉ ይዘጋል፣ የእሳቸው ሻንጣ ግን እንደታሰረ አልጋ ሥር ነበር። ያንን ስብሰባ እኔም አውቀዋለሁ። እኛ አገር ሂስና ግለሂስ ይባል ነበር፤ አዳራሹም፣ ሲጥ ሲጥ የሚለው ወንበርም ያው ነው።

«የአያትሽ ስም ማን ነበር? የአባትሽን አባት ማለቴ ነው» አልኳት። ነገሩ ግራ ቢገባትም ነገረችኝ።

በሩ ላይ ቆምኩ፤ ወደ ውስጥ አልገባሁም። እናቴ ለትልቅ ሰው እጅ ስትነሳ እንደምታደርገው ዝቅ አልኩና በስማቸው፣ ከዚያም በአባታቸው ስም ጠራኋቸው፤ መጨረሻው ላይ «ኦቪች» አልኩ። አስተማሪዬ ነፍሷን ይማርና ድምፁን የት ላይ ማጥበቅ እንዳለብኝ አልረሳሁም ነበር።

ሽማግሌው ዞሩ። ትንሽ አዩኝ።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ በሩሲያኛ።

«ልጅዎ።»

«ከየት ነሽ?»

«ከኢትዮጵያ። ትምህርቴን ግን ኦዴሳ ነው የተማርኩት።»

«ኦዴሳ!» አሉ፤ ፊታቸው ተፈታ። «ትራሙ ወደ ባሕሩ ሲታጠፍ አሁንም ያፏጫል?»

«እኔ እያለሁ ያፏጭ ነበር። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል።»

ሳቁ። ከዚያ «ርቦኛል» አሉ። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ ይሰማኛል።

የእሳቸው ምግብ ገና አልተሠራም። ቦርሳዬ ውስጥ የእኔ ምሳ ነበር፤ ሽሮ ነው፣ ለጨጓራዬ ስል አልጫ የሠራሁት። አሞቅሁና በዳቦ ሰጠኋቸው። ቀመሱ፣ አሰቡ፣ ደግመው ቀመሱ።

«የአተር ሾርባ ነው። ትንሽ ወፍሯል፣ ግን የአተር ሾርባ ነው» ብለው ሳህኑን ባዶ አደረጉት። እኔ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ እንደዚያን ቀን ግን ጠግቤ አላውቅም። ጋሼ ወሬውን ከሰማ ወዲህ ሽሮ ገዝቼ ከሱቁ ስወጣ ሌላ ላስቲክ ይጨምርልኛል። «ይኼ ለጓድ ነው፣ እንዳትጠሪያቸው ግን» ይለኛል።

እንደዚህ ተላመድን። ልጃቸው ቴሌቪዥኑን ከክፍላቸው አውጥታዋለች፤ ኦዴሳ ላይ አሁን ሮኬት እንደሚወድቅ እንዳያዩ ነው። እኔም አልነግራቸውም። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ድሮው ወደብ ነው፤ ስለ ክሬኖቹ፣ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ነፋሱ። ነፋሱ ላይ እኔም አለሁበት፤ ሜትሮሎጂዬ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው። ስሜን ግን አይዙትም። ሐኪሙም አዲስ ስም ከእንግዲህ አይገባላቸውም ብሎ ነበር። «ዴቩሽካ» ነው የሚሉኝ፣ ልጅት እንደማለት። በዚህ ዕድሜዬ ልጅት የሚለኝ ሰው ማግኘቴ ምርቃት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ስለ ሣጥኖች አነሱ። ወደ አፍሪካ ስለሚሄዱ ትላልቅ የእንጨት ሣጥኖች። ላያቸው ላይ የእርሻ መሣሪያ ይላል፤ ክብደቱን የሚያነሳ መሐንዲስ ግን ማረሻ እንዳልሆነ ያውቃል። ለረጅም ጊዜ በርበራ ተብሎ ይጻፍባቸው ነበር፣ ወደ ሶማሊያ ወደብ። ከዚያ አንድ ጠዋት ትእዛዝ መጣ። በርበራ የሚለውን በቀለም አጥፉት፣ አሰብ ብላችሁ ጻፉበት ተባለ።

«ሣጥኖቹ ያው ናቸው!» አሉ እየሳቁ። «ቀለሙ ሳይደርቅ ነው የጫንናቸው። እጃችን ሁሉ ጥቁር ሆነ።»

ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። የታጠበ ብርጭቆ አነሳሁና እንደገና አጠብኩት። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ውስጥ ወንድሜን የመታው ነገር ነበረበት። የኋለኞቹ ውስጥ ደግሞ እኛ ሰልፍ ወጥተን ያጨበጨብንለት። ያነሷቸው እነዚህ እኔ በየቀኑ ሎሽን የምቀባቸው እጆች ናቸው። ልጃቸው ስትመጣ ቦርሳዬን ይዤ ቻው ሳልላቸው ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነገ ኤጀንሲው ጋ ደውዬ ሌላ ሰው ይፈለግ እላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ተቆጥቼ ነበር፤ በእሳቸው ይሁን በማን አላውቅም።

የመለሰኝ የአባቴ ኮፍያ ነው። ቤቴ ገብቼ መብራቱን ሳበራ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። አባቴስ ማንን ነበር የሚነዱት? የጦር አማካሪ። ሻለቃው በየካምፑ ሲዞር ስለ አበባ አልነበረም የሚያወራው። እሱ ያሠለጠናቸው ሰዎች ልጅ የገደሉባት አንዲት እናት፣ ወንድም የገደሉባት አንዲት እህት የሆነ ቦታ ትኖራለች። እሷ አባቴን ብታገኛቸው ምን እንዲሏት ትፈልግ ነበር? አባቴ እኮ መሪ ይዘው ልጆቻቸውን ነው ያበሉት። ሽማግሌውም ክሬን ይዘው ያቺን ኮሪደር ላይ የምታለቅሰውን ልጅ ነው ያሳደጉት። ስልኩን አንስቼ ለኤጀንሲው አልደወልኩም።

ጠዋት ስገባ «ትናንት ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ወንድም እንደነበረኝ፣ የት እንደዘመተ፣ በምን እንደተመታ። ሩሲያኛዬ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተሠራም፤ አብዛኛው ስለ ደመናና ስለ ሠራተኛው መደብ ነው። በተቆራረጠ ቃል ነገርኳቸው፤ ገባቸው። ኮፍያቸውን ከራሳቸው ላይ አነሱና ሁለት እጃቸው ላይ ያዙት። እስከ ምሳ ሰዓት መልሰው አላደረጉትም።

ሳህኑን ሳነሳ «የአባትሽ ስም ማን ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለአፋቸው አዲስ ስለሆነ ደጋግመው አገላበጡት። በማግስቱ ግን ረስተውት ነበር፤ እንደገና ዴቩሽካ ሆንኩ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የኢንሹራንሱ ነርስ መጣች፤ እሷ የምትጽፈው ነው ቤታቸው መቆየት መቻላቸውን የሚወስነው። ልጃቸው ከሥራ ቀርታ ጥያቄዎቹን በተሰባበረ ሩሲያኛዋ ታስተረጉማለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንዳትረጂ ተብያለሁ።

ቀኑ ምንድን ነው ተባሉ። ቅዳሜ አሉ፤ ማክሰኞ ነበር። ነርሷ ጻፈች። የአገሩ መሪ ማን ነው ተባሉ።

«የትኛው አገር?» አሉ። «ከስንቱ አገር ነው የተባረርኩት?»

ልጃቸው ይህንን ለማስተርጎም አልደፈረችም። ነርሷ አሁንም ጻፈች። በፀጉሯ መሀል እጇን የከተተችውን ልጃቸውን እያየሁ፣ ነገ እኚህ ሰው አንድም ቃላቸው የማይሰማበት ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ እያየሁ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አልኩት።

ነርሷ በብዕሯ ወደ እኔ አመለከተች። «ይህቺን ሴት ያውቋታል? ማን ናት?»

ሽማግሌው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኮፍያቸው ሰደዱና አስተካከሉት፤ ትልቅ ሰው ሊያስተዋውቅ እንደተነሳ ሰው። መጀመሪያ ስሜን ጠሩ። ከዚያ የአባቴን ስም፣ ጥርት አድርገው፣ አንድም ፊደል ሳይሰብሩ ጠሩና መጨረሻው ላይ «ኦቭና» ብለው ቀጠሉበት።

«ጎረቤቴ ናት» አሉ ቀጥለው። «ከኦዴሳ።»

ልጃቸው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ነርሷ ግራ ገባት።

«ምንድን ነው ያሉት? ሁለተኛው ቃል ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አባቴ ናቸው» አልኳት። «የእሳቸው ልጅ ናት ማለታቸው ነው።»

ነርሷ ክብደታቸው መጨመሩን፣ ከሚመግባቸው ሰው ጋር መግባባታቸውንም አይታ ቤታቸው ይቆዩ ብላ ጻፈች። እንዴት እንዳቀፍኳት አላስታውስም፤ ብቻ ስትወጣ ጃኬቷን እያስተካከለች ነበር። ልጃቸው ወደ ውስጥ ገብታ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ሽሮውን ላሞቅ ኩሽና ገባሁ።

እዚያ ነው ያለቀስኩት። በዚህ አገር የአባቴ ስም በየወረፋው ሲጠራ ኖሯል፤ ይህ ስም የአባት ነው፣ ይህቺ ልጃቸው ናት ብሎ የጠራ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሻለቃው ቃሉን አላደረሰም፤ ዕድል አላገኘ ይሆናል፣ አልቀየምኩትም። አባቴን በስማቸው ወደ አሜሪካ ያስገቧቸው አንድ የኦዴሳ ሽማግሌ ናቸው፣ በዚያው አባቴ በጠሉት ቋንቋ። ሻርፗን ለሰጠችኝ አስተማሪ፣ ላስተማረኝ አገር፣ ላስጠጋኝም አገር፣ ስህተቴን እየሳቀ ላሳየኝ ጋሼ፣ ሁሉንም በልቤ አመሰገንኩ። ወንድሜንም አነሳሁት።

ከዚያ እሳቱን ዝቅ አደረግሁና በአማርኛ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ፣ «አባባ፣ ይኸው ገቡ» አልኩ። «ጭራ ቀጥለውብዎታል፣ አይቆጡ። ገብተዋል።»